ቀዳዳውን ዞሮ መጻፍ

ኮምቦልቻ በወረድኩ ቁጥር ምሳ የምበላበት አንድ ቤት አለ። ከሒሳብ መቀበያው በላይ፣ ከቀን መቁጠሪያው ጎን፣ ሁለት አንቴናዎቹን እንደ ፍየል ቀንድ ያቆመ የዋይፋይ ሳጥን ግድግዳው ላይ ተቸንክሯል። ሳጥኑ አመለኛ ነው። በሳምንት አንዴ ሁለቴ ፍዝዝ ይልና ራሱን አጥፍቶ ሊነሳ ይሞክራል፤ አይነሳም። አንዲት አረንጓዴ መብራት ብቻ በርታ ትቀራለች። ቁልፉን ቢጫኑት አይሰማም። ያን ጊዜ ሒሳብ ተቀባይዋ ከወንበሯ ብድግ ትልና ገመዱን ከሶኬቱ ትነቅላለች፤ ድምፅ አውጥታ እስከ አሥር ትቆጥራለች፤ መልሳ ትሰካዋለች። ሳጥኑም ምንም እንዳልነካው ሆኖ ይነሳል።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር እልኸኛ ነው፤ ሲያኮርፍ መድኃኒቱ መንቀል ብቻ ነው» አለችኝ አንድ ቀን።

እኔን የደነቀኝ ሌላ ነገር ነበር። የሰፈሩ መብራት ድርግም ብሎ ጠፍቶ ሲመለስ ሳጥኑ ያለ አንዳች ችግር ይነሳል። የሚቸገረው መብራት እያለ ራሱን በራሱ ሊያስነሳ ሲል ነው። መብራት መጥፋቱ የሚያድነው ዕቃ በእኛ አገር ማግኘት ቀልድ ይመስላል፤ ግን ከዚህ የበለጠ ሕመሙን የተናዘዘ በሽተኛ የለም። እኔም እጄን ታጥቤ ወጥ እስኪመጣ ድረስ ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ፣ ከዚህ በፊት ያነበብኩትና የት እንዳለ የረሳሁት አንድ ሥራ ትዝ አለኝ። ስለዚያ ዓይነት ሥራ ነው መጻፍ የፈለግሁት፤ ሰው ስለማያየው፣ ቢያየውም ስለማያመሰግነው ሥራ።

ሳጥኑ ውስጥ ከትንሽ ጣት ጥፍር ብዙም የማትበልጥ ጥቁር ቺፕ አለች። ፍላሽ ሚሞሪ ናት፤ ኪሳችን ውስጥ ከምንይዘው ፍላሽ ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጅ። መብራት ሲጠፋ ሳጥኑ የሚያውቀው ሁሉ የሚተርፈው እሷ ውስጥ ነው። ሲበራ ፕሮሰሰሩ ምንም አያውቅም ማለት ይቻላል፤ ያለው ፋብሪካ ላይ የተቀረጸበት፣ ማንም የማይለውጠው አጭር ፕሮግራም ብቻ ነው። ያ ፕሮግራም ወደ ፍላሿ ሄዶ ቡትሎደር የሚባለውን ያነሳል። ቡትሎደሩ በበኩሉ ከዶሮ ጩኸት ቀድሞ እንደሚነሳ የቤት ሰው እሳቱን አያይዞ፣ ውሃውን ጥዶ፣ የተኛውን ትልቁን ሥርዓት ይቀሰቅሳል። ቀስቃሹ ካልተነሳ ቤቱ በሙሉ ተኝቶ ይውላል።

ፍላሿ የምትጠየቀው በአድራሻ ነው። ፕሮሰሰሩ «ከዚህ ቦታ ጀምረሽ አንብቢልኝ» ሲላት የቦታውን ቁጥር ባይት በባይት ይልክላታል። ለረጅም ዘመን ሦስት ባይት ይበቃ ነበር። ሦስት ባይት 16,777,216 ቦታ ይቆጥራል፤ 16 ሜጋባይት መሆኑ ነው። ቺፖቹ ወደ 32 ሜጋባይት ሲያድጉ አራተኛ ባይት አስፈለገ። አምራቾቹ የድሮውን ላለማፍረስ ሲሉ አንድ ዘዴ አበጁ፤ ፕሮግራመሮች በሚቆጥሩበት ባለ 16 አኃዝ አጻጻፍ ቢ7 የተባለውን ትእዛዝ ስትሰማ ቺፗ በአራት መቀበል ትጀምራለች፣ ኢ9 ስትባል ወደ ሦስት ትመለሳለች። እስከዚህ ድረስ መልካም። ግን ቺፗ እግሯ ጥቂት ነው፤ «እንደ አዲስ ጀምሪ» የሚል ምልክት የምትሰማበት እግር ብዙ ጊዜ የላትም፣ ቢኖራትም ቦርዱ ላይ አልተገናኘም። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ወድቆ ሲነሳ ለእሷ የነገራት የለም። እሱ እንደ ተወለደ ሕፃን በሦስት ይጠራታል፤ እሷ አራተኛውን ትጠብቃለች።

ሁለት ሰዎች በሦስት ሰዓት ሊገናኙ ተቀጣጠሩ እንበል፤ አንዱ በእኛ ሰዓት፣ አንዱ በፈረንጅ። ሁለቱም አልዋሹም፣ ሁለቱም አላረፈዱም፣ ግን አይገናኙም። ሒሳብ ተቀባይዋ ገመዱን ስትነቅል ቺፗ የነበረችበትን ትረሳለች፤ ስትነቃ እንደ ጥንቷ በሦስት ትቆጥራለች። እስከ አሥር መቁጠሩም አጉል ልማድ አይደለም፤ ሳጥኑ ውስጥ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ እስኪፈስ ድረስ ጊዜ ይፈልጋል። ሴትዮዋ ማንም ሳያስተምራት ትክክለኛውን ሕክምና አግኝታለች።

አሁን ወደ ሥራው። ይህን እንከን በሶፍትዌር ለመሻገር መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ማሽኑ ከመጥፋቱ በፊት ቺፗን ወደ ሦስት መልሰሽ ተኚ ማለት። ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት ውስጥ ይህ ተጽፏል። የጻፉት ሰዎች ግን አንድ የማደንቀውን ነገር ጨመሩበት። ቦርዱ ይህ እንከን እንዳለበት በተመዘገበ ማሽን ላይ ሥርዓቱ በተነሳ ቁጥር አንድ መስመር ማስጠንቀቂያ ያትማል፤ ያልታሰበ መውደቅ ከመጣ ላይነሳ ይችላል ይላል። በደህና ሲጠፋ እንጂ በድንገት ሲወድቅ «ተመለሺ» የሚላት ማንም የለምና። መጠገኛው መጠገኛ እንጂ ፈውስ አለመሆኑን ራሱ መጠገኛው ላይ ጽፎ መለጠፍ! ስንት ባለሙያ ነው ይህን የሚያደርግ? ግድግዳ ቀብቶ «ከሥሩ እርጥበት አለ» ብሎ የሚጽፍ ቀለም ቀቢ አላየሁም።

ሁለተኛው መንገድ ከመጀመሪያው በላይ ያምራል። ቺፗን ወደ አራት ጨርሶ አታስገባት። 03 በሚባለው የጥንቱ የንባብ ትእዛዝ ፈንታ 13 የሚባል ሌላ ትእዛዝ አለ፤ እሱ አራቱን ባይት ራሱ ይዞ ይመጣል። ጥያቄው ይረዝማል እንጂ ቺፗ የነበረችበት ሁኔታ አይነካም። ሁልጊዜ በሦስት ላይ ናት። ማሽኑ በፈለገው ሰዓት፣ በፈለገው መንገድ ቢወድቅ፣ የሚነሳው የሚያውቃትን ያገኛል። የሚታወስ ነገር ስለሌለ የሚረሳ ነገር የለም። ከአንድ አኃዝ ለውጥ ይህን ያህል ሰላም ሲገኝ እኔ ቆሜ ባጨበጭብ አላፍርም።

ችግሩ ግን፣ 13ን የማያውቅ ቺፕ አለ። እዚህ ላይ መንትዮቹ ይመጣሉ። የታይዋኑ ማክሮኒክስ ኤምኤክስ25ኤል25635 የሚባል ቺፕ ነበረው፤ አንዱ ኢ፣ ተከታዩ ኤፍ የሚል ፊደል ጫፉ ላይ አለው። ኤፍ አራቱን ባይት የሚይዘውን ትእዛዝ ያውቃል፣ ኢ አያውቅም። ሁለቱ ግን ስማቸውን ሲጠየቁ አንድ መታወቂያ ነው የሚያሳዩት፤ አምራቹ ለሁለቱም ያንኑ ቁጥር ሰጥቷል። ታዲያ በምን ይለያሉ? የሊኑክስ ሰዎች የሁለቱንም የችሎታ ሠንጠረዥ ጎን ለጎን አስቀምጠው ሲያዩ አንድ ልዩነት አገኙ። ኤፍ በአራት መስመር የመነጋገር አንድ የፍጥነት ችሎታ አለኝ ብሎ ጽፏል፣ ኢ አልጻፈም። ያ ችሎታ ከአድራሻ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ግን ምልክት ነው። እናት መንትዮቿን በጆሮ ሥር ባለች ጠቃጠቆ እንደምትለይ፣ ኮዱ በዚያች ምልክት ለይቶ ለኤፍ 13ን ይፈቅዳል፣ ኢን በጥንቱ መንገድ ይይዛል። ከኮዱ በላይ ለምን እንዲህ እንደተደረገ በግልጽ ተጽፏል፤ ያ ጽሑፍ ባይኖር ኖሮ ከዓመታት በኋላ የመጣ ሰው «ይህ ምን ያገናኘዋል?» ብሎ ይሰርዘው ነበር።

ከምሳ በኋላ ወደ ደሴ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን ሐረጎ መሀል ላይ ስላለ ኪሎ ሜትሩ አይቆጠርም፣ የሚቆጠረው ጥምዝምዙ ነው። መንገዱ ተራራውን አይሰብረውም። ተራራው ባለበት ይዞራል፣ ሸለቆው ባለበት ይታጠፋል፤ ቦርከናን ከታች ትቶ ወደ ጦሳ ጉም ይገባል። የመንገዱን ቅያስ መጀመሪያ ያወጣው ሰው ከተራራው ጋር ክርክር አልገጠመም።

ደሴ፣ ከፒያሳ ወረድ ብሎ፣ ሞባይል የሚጠግን አንድ ወጣት አለ። ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል፤ «ጋሼ፣ ሰው ከበዛ ሥራው ይበላሻል» ይላል። ሱቁ ስፋቷ አንድ አልጋ ታህል ይሆናል። ስልኬ ሎጎው ላይ ቆሞ አልነሳ ብሎ ነበር የሄድኩት፤ የማን ሥሪት እንደሆነ ይቅር። ሁለት ሌሎች ቤቶች አስቀድመው አይተውት አንዱ «ሶፍትዌር ይጫንበት፣ ያለው ሁሉ ይጠፋል» ብሎኛል፣ ሌላው «ሞቷል» ብሎ በሐዘን መለሰልኝ። ውስጡ የእናቴ የመጨረሻ ዓመት ፎቶዎች ነበሩ።

ወጣቱ ስልኩን ከፍቶ ቦርዱን ከማጉያው ሥር አስቀመጠ። ወረንጦ አነሳ። ከፍላሿ አጠገብ ከስፌት መርፌ ዓይን የምታንስ የብረት ነጥብ አለች፤ በወረንጦው አንድ ጫፍ እሷን፣ በሌላው የቦርዱን ጠርዝ ነካ፤ በግራ እጁ የኮምፒውተሩን ኬብል ሰካ። ኮምፒውተሩ «ቲንግ» አለ። ወዲያው ወረንጦውን አነሳ። ይኸው ነው። ከትንፋሽ ያጠረ ነገር።

«ምን አደረግህ?» አልኩት።

«ዓይኑን ያዝኩበት።»

ያደረገው ይህ ነው። የብዙዎቹ ስልኮች ፕሮሰሰር ሲነሳ ፍላሿን ይፈልጋል፤ ካላገኛት በዩኤስቢ በኩል «የሚነግረኝ አለ?» ብሎ ያዳምጣል። በወረንጦው የፍላሿን መስመር ለአንድ አፍታ አፈነው። ፕሮሰሰሩ ፍላሽ የለኝም ብሎ አምኖ ወደ ኬብሉ ዞረ። በዚያች ቅጽበት ከኮምፒውተሩ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ተላከለት፤ ጠጋኞቹ ዲኤ የሚሉት፣ ጊዜያዊ ቡትሎደር ማለት ነው። የሚኖረው ፕሮሰሰሩ የራሱ ሚሞሪ ውስጥ ነው፤ ፍላሿ ላይ አንዲት ነጥብ አይጽፍም። ከዚያ ወረንጦው ተነስቶ ፍላሿ ስትታይ ንባቡን የሚመራው ያ እንግዳ ነው። በታመመው ቤት ያደረ ቀስቃሽ ስላልነቃ፣ ከውጭ በመስኮት የገባ ቀስቃሽ።

ቀጥሎ ቺፗን ስለ ጤንነቷ ጠየቃት። በስልክ ውስጥ ያሉት ኢኤምኤምሲ የሚባሉት ፍላሾች ካለፉት አሥር ዓመታት ወዲህ ዕድሜያቸውን ራሳቸው ይመዘግባሉ፤ ከ1 እስከ 10 በአሥር በመቶ እየዘለለ የሚሄድ ቁጥር ነው፣ 11 ከሆነ የተመደበላትን ዕድሜ ጨርሳለች ማለት ነው። የእኔዋ 11 አለች። ወጣቱ ከንፈሩን መጠጠ፤ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው።

ንባቡ ጀመረ። መጠኑን የሚያሳየው መስመር ትንሽ ከሄደ በኋላ ቆመ። ሁለት ደቂቃ ጠበቀ። ኬብሉን ነቀለ፣ ወረንጦ፣ «ቲንግ»። እዚያው ቦታ ሲደርስ እንደገና ቆመ። አሁን ነው ሥራውን ያየሁት። ከመሳቢያው ባለ መስመር ደብተር አወጣ፤ የቆመበትን አድራሻ በእርሳስ ጻፈ። ከዚያ ቦታ አራት ሜጋባይት ዘሎ ቀጠለ። ሄደለት። ሌላ ቦታ ቆመ፤ ጻፈ፤ ዘለለ። አመሻሹ ላይ ደብተሩ ላይ ዘጠኝ አድራሻ ተደርድሯል። ከዚያ በኋላ ወደ ተዘለሉት ቦታዎች ተመልሶ በትንሽ በትንሹ፣ አንዳንዱን ከፊት፣ አንዳንዱን ከኋላ እየቀረበ ይቀራርፋቸው ጀመር፤ እንጀራ ከምጣዱ ሲጣበቅ ዙሪያውን በሰፌድ ጫፍ እንደሚያላቅቁት።

«እዚህ ጋ አትንካኝ ትላለች፤ አልነካትም» አለ ዓይኑን ሳያነሳ።

ይህን ሲል አእምሮዬ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሄደ። የ13ኛው መቶ ዘመኑ የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ወዳለበት ገዳም። የብራና መጻሕፍትን ቀርቦ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ የፍየሉ ቆዳ ሲገፈፍ ቢላ የነካው እንደሆነ፣ ሲወጠር ያቺ ጭረት ክብ ቀዳዳ ትሆናለች። ብራና ፋቂው አንዳንዷን ይሰፋታል፣ አንዳንዷን ይተዋታል። ቁም ጸሐፊው ዘንድ ሲደርስ ቀዳዳው አለ። ቆዳው አይጣልም፤ አንድ መጽሐፍ የስንት ፍየል ዋጋ ነው። ጸሐፊው ቀዳዳው ድረስ ይጽፋል፣ ይዘላል፣ ከማዶ ይቀጥላል። ቃሉ አይጎድልም። አንባቢው ዓይኑ ቀዳዳውን ያያል፣ ንባቡ ግን አይሰናከልም።

የፍላሽ ፋብሪካም እንደ ብራና ፋቂ ነው። ፍጹም ቆዳ አይሸጥም፤ ዋጋው አይቀመስም ነበርና። ናንድ የሚባለውን፣ ከፍላሾቹ ሁሉ የረከሰውን ዓይነት እንውሰድ፤ ጃፓናዊው ፉጂዮ ማሱኦካ በቶሺባ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1987 ለዓለም ያስተዋወቀውን። ባለ 128 ሜጋባይት የሆነው የተለመደ ቺፕ 1024 ብሎክ አለው። አምራቹ የሚምለው ግን ለ1004ቱ ብቻ ነው። እስከ 20 ብሎክ ታሞ ሊመጣ ይችላል፤ ሲገዙት ጀምሮ። እያንዳንዱ ብሎክ 64 ገጽ ነው። ገጹ 2048 ባይት ሆኖ ከጎኑ 64 ባይት ኅዳግ አለው። ፋብሪካው የታመመውን ብሎክ የሚያመለክተው እዚያ ኅዳግ ላይ ነው፤ ጤነኛው ንጹሕ ነጭ ሲሆን በታመመው ላይ አንድ ነጥብ ይደረጋል። አንድ ብሎክ ብቻ ጤነኛ ስለመሆኑ ቃል ይገባለታል፤ የመጀመሪያው። ቀስቃሹ የሚቀመጠው እዚያ ነዋ።

ያ ምልክት አስፈሪ ነገር አለው። ፍላሽ ላይ የተጻፈ የሚጠፋው በብሎክ ነው፣ ሲጠፋ ኅዳጉም አብሮ ይጠፋል። ቸኩሎ ሁሉን የጠረገ ሰው የፋብሪካውን ምልክት ለዘላለም አጣው፤ ደካማው ብሎክ ጤነኛ መስሎ ይቀላቀላል፣ አንድ ቀን የተጻፈበትን ይክዳል። ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ዴንክ የጀመረውና ዛሬ ከራውተር እስከ ፋብሪካ ማሽን ድረስ ተሠራጭቶ ያለው ዩ-ቡት የተባለው ቡትሎደር ያለው ተራው የማጥፊያ ትእዛዝ ምልክቱን ሳያነብ አንድ ብሎክ አይነካም። ምልክቱን ጭምር የሚጠርግ ሌላ ትእዛዝ አለው፤ እሱን የጠየቀውን ሰው ግን መልሶ ያስጠነቅቀዋል፣ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ይጠይቀዋል፤ ዝም ብሎ መግቢያውን ለሚጫን ሰው መልሱ «አይሆንም» ነው።

ቀዳዳ ዘላዩ ኮድ ራሱ እጅግ አጭር ነው፤ ውበቱም እዚያ ላይ ነው። ሁለት ቁጥር ይዟል። አንዱ ብራናው ላይ የት እንደደረሰ ይቆጥራል፣ ሁለተኛው ከቃሉ ምን ያህል እንደተነበበ። ጤነኛ ብሎክ ሲያገኝ ሁለቱም ይጨምራሉ። ታማሚ ሲያገኝ የመጀመሪያው ብቻ ይጨምራል፤ ሁለተኛው ባለበት ይጠብቃል። አንዱ ጣት ቆዳው ላይ እየሄደ ሌላው ቃሉ ላይ ቆሞ። ሁለቱን ቁጥር አንድ ያደረገ ጀማሪ ፕሮግራመር ጠረጴዛው ላይ ባለው ቺፕ ሲሞክረው ይሠራለታል፤ ቺፑ ቀዳዳ አልነበረውምና። ደንበኛው እጅ ሲገባ ይሞታል።

ይህ ሁሉ ምን ያህል ቦታ ላይ እንደሚጻፍ ልንገራችሁ። ኤስ3ሲ2410 የሚባለው የሳምሰንግ ፕሮሰሰር ሲነሳ ከናንዱ የሚገለብጠው የመጀመሪያዎቹን 4096 ባይት ብቻ ነበር። አንድ የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተር ላይ በተለመደው አጻጻፍ ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ 4096 ባይት 1365 ፊደል ነው። አሁን የምታነቡት ጽሑፍ ገና ከኮምቦልቻው ምሳ ቤት ሳይወጣ ያልቅበታል። በዚያች ቦታ ውስጥ ዋናውን ሚሞሪ መቀስቀስ፣ ናንዱን ማነጋገር፣ ስሕተት ማረም፣ ታማሚውን መዝለል፣ የቀረውን ማንሳት፤ ሁሉም መግባት አለበት። እኔ ለአንድ ሰላምታ ከዚያ በላይ አባክናለሁ።

የቅንብሩ ነገርም አለ፤ በአጭሩ ልለፈው። ዩ-ቡት መብራት መሀል ላይ ቢጠፋስ ብሎ ቅንብሩን በሁለት ቅጂ እንዲይዝ ማድረግ ይቻላል። አዲሱን የሚጽፈው በአሮጌው ቅጂ ላይ ነው፤ ሲነሳ የሁለቱንም ድምር መርምሮ ያልተበላሸውንና አዲሱን ይመርጣል። ደሴና ኮምቦልቻ ለሚኖር ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልግም።

እስካሁን ያነሳሁት ከልደት የነበረ ቀዳዳ ነው። ቺፗ ራሷ ስታብድ የተደረገውን ደግሞ ስሙ። ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ3ን እ.ኤ.አ. በግንቦት 2012 አወጣ። ዓመቱ ሲያልቅ ስልኮቹ ማታ ደህና አድረው ጠዋት ሬሳ ሆነው ይገኙ ጀመር። ጥፋቱ ቪቲዩ00ኤም የተባለችው የኩባንያው የራሱ ፍላሽ ላይ ነበር። እነዚህ ፍላሾች የራሳቸው ትንሽ ፕሮሰሰርና የራሳቸው ፕሮግራም አላቸው፤ ገበሬ አንድ ማሳ እንዳይደክምበት እያፈራረቀ እንደሚያርስ፣ ጽሑፉን ቦታ እያፈራረቁ ያሠፍሩታል። ያ አፈራራቂ መዝገብ ላይ ስሕተት ነበረ። መዝገቡ ሲዛባ ቺፗ ራሷን ታጠፋለች።

በሚሊዮን እጅ የገባን ስልክ ፈትቶ ቺፕ መለወጥ አይታሰብም። የተደረገው ይህ ነው፤ በ2013 መጀመሪያ የወጣው ማሻሻያ አዲስ ቡትሎደርና አዲስ የሊኑክስ እምብርት ይዞ መጣ። ስልኩ በተነሳ ቁጥር ቺፗን ስሟንና የፕሮግራሟን ዕትም ይጠይቃል፤ ቪቲዩ00ኤም፣ ኤፍ1 ካለች አምራቹ ብቻ በሚያውቀው፣ ቁጥሩ 62 በሆነ ትእዛዝ በኩል ወደ ቺፗ ሚሞሪ ይገባና የፕሮግራሟን ጥቂት መስመር ያርማል። እርማቱ ቋሚ አይደለም፤ መብራት ሲቋረጥባት ትረሳዋለች። ስለዚህ በየመነሻው ይደገማል፣ ከእንቅልፍ ሲነቃም ይደገማል፤ በወሎ ክርስቲያኑ ውዳሴ ማርያሙን ሳይደግም፣ ሙስሊሙ ሱብሂውን ሳይሰግድ ቀኑን እንደማይጀምረው።

እርማቱስ ምን ያደርጋል? ይህን የፈተሹ ሰዎች ያገኙት ብዙዎችን አላስደሰተም። መዝገቡ ተዛብቶ ካገኘችው ቺፗ ከመቀጠል ይልቅ ባለችበት እንድትሽከረከር ያደርጋታል፤ ስልኩ ድርቅ ብሎ ይቆማል። «ይህ ምኑ ጥገና ነው?» ተብሏል። እኔ ግን ከጠጋኞቹ ጋር ነኝ። ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድ ዳር ይዞ የሚቆም ሹፌር አለ፤ ተሳፋሪው ያጉረመርማል፣ አንዱ «ልወርድ ነው» ይላል። መንገዱ ሳይታየው የሚነዳውን ግን ማንም አያመሰግነውም፤ ከገደሉ ሥር ምስጋና የለምና። የደረቀ ስልክ ነቅለው ያስነሱታል። በተዛባ መዝገብ የተጻፈበትን ፍላሽ ግን በዚያ ዘመን የሚመልሰው አልነበረም።

አምስት ዓመት አለፈ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 በጀርመን ላይፕዚግ በተደረገው የፕሮግራመሮች ትልቅ ጉባኤ ላይ ኦራን አቭራሃም የተባለ እስራኤላዊ ቀርቦ እነዚያኑ የሞቱ ኤስ3ዎች እንዴት እንዳስነሳ ተናገረ። ቺፕ አልፈታም፣ ብየዳ አልነካም። ሳምሰንግ በየጠዋቱ እርማቱን በሚያስገባበት በዚያው በር ገብቶ፣ የቺፗን ፕሮግራም አውጥቶ አንብቦ፣ የራሱን ኮድ ቺፗ ውስጥ አስኬደ። ጠጋኞቹ ሳያስቡት በሩን ክፍት ትተውለት ነበር። ስልኩ በ2017 የማንም ፍላጎት አልነበረም፤ ገንዘብ የለበትም። ሰውዬው ያደረገው ነገሩ ስላሳከከው ነው።

ወጣቱን ይህን ሁሉ አጫወትኩት። ግማሹን ያውቀዋል። «ኤስ3 እዚህ ብዙ ሞቶብናል» አለ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን ከዘጠኙ አድራሻ ሰባቱ በእርሳስ ተሰርዘዋል። ሁለቱን ተዋቸው።

«ትንሽ ብትታገልስ?»

«ጋሼ፣ ከታገልኳት ያወጣሁትንም ነገ አላምነው። ስልኩን ይተዉት፤ ፎቶውን ይውሰዱ።»

የእናቴን ፎቶዎች በፍላሽ ሰጠኝ። ሦስቱ ከወገብ በታች ግራጫ ሆነዋል። በአንዱ ላይ ነጠላዋ እስከ ትከሻዋ ይታያል፤ ፊቷ ሙሉ ነው።

የኮምቦልቻውን ሳጥንም ለሱ ወሰድኩለት፤ ሒሳብ ተቀባይዋ «ምሳ ሰዓት ሳይደርስ መልሰው» ብላ እየተሟገተች። ከፈተው፤ የፍላሿን ጀርባ ጽሑፍ በማጉያው አነበበና ሳቀ። ይህን እንከን የሚያውቅ አዲስ ሶፍትዌር ጫነበትና ሦስት ጊዜ በድንገት እያስወደቀ ሞከረው።

ባለፈው ሳምንት ምሳ እየበላሁ ሳጥኑ ፍዝዝ አለ። ሒሳብ ተቀባይዋ ብድግ ብላ ሶኬቱን ያዘች። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ስትል ገና ሳትነቅለው ሁለተኛዋ መብራት ብልጭ አለች፤ ሦስተኛዋም ተከተለች። እጇ ሶኬቱ ላይ እንደቀረ ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ የቀራትን እስከ አሥር ቆጥራ ጨረሰችና ተቀመጠች።